መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሰው

የያዙኝ ቢቸና ላይ፣ አሥረኛ ክፍል ፊት ቆሜ ስለ አንጎል ሳስተምር ነው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠበቁኝ። ይህን ጨዋነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከባልደረቦቼ አብዛኞቹ ከአልጋቸው ላይ በውስጥ ልብሳቸው ነው የተጎተቱት። ደወሉ ሲደወል ጠመኔዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እጄን በሱሪዬ ጠራርጌ ወጣሁ። ከተማሪዎቹ አንድም ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። አልፈረድሁባቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ደብተሬን ነበር የማየው።

ጥፋቴ በከተማው የውይይት ክበብ የሰጠሁት ንግግር ነበር። ክበቡ በየሳምንቱ ስለ ኅብረተሰብ ዕድገት ይማራል፤ እኔም የባዮሎጂ መምህር ነኝና ስለ ዝግመተ ለውጥ እንድናገር ታዘዝሁ። የሚፈለገው ቀላል ነበር። ሥራ የሰውን እጅ፣ እጁም አንጎሉን እንዴት እንዳሳደገው ተናግሮ፣ አስጨብጭቦ መቀመጥ ብቻ ነው። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ቀጠልሁ። አንጎል ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነርቮች አሉ፣ አንዳቸውም ግን አያስቡም አልሁ። አንዱ ነርቭ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ጎረቤቱ ሲነካው ሌላውን ጎረቤቱን መንካት ነው። ሐሳብ የሚባለውን በአንዱም ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ያለው በመካከላቸው ነው። ማንም ተቀምጦ አልነደፈውም፤ የማይረባው እየቀረ፣ የሚረባው እየተረፈ፣ በረጅም ዘመን የተገኘ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እጁን አወጣና «ታዲያ መሪው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መሪ የለም አልሁት። በዚያ ዘመን በአደባባይ የማይባል ነገር መናገሬን ያወቅሁት የአዳራሹ ጸጥታ ሲረዝምብኝ ነው። «ሰፊው ሕዝብ መሪ አያስፈልገውም ብሏል» ተብሎ ተጻፈብኝ።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ነበር። ባላባቱ ከመሬት አዋጁ በኋላ ሸሽቷል፣ እህሉም ተወስዷል፤ እኛ በእህሉ ቦታ ገባን። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም፤ እህል መስኮት አይፈልግማ። አየር የሚገባው በሳንቃው በር ሥር ባለው ክፍተት ብቻ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ የላብ፣ የሽንት ባልዲና የነቀዘ እህል ሽታ። ወለሉ ላይ የተረፈው የእህል ብናኝ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ተነሥቶ ጉሮሮ ይከረክራል። ለዐሥር ሰው በማይበቃ ቦታ ከሠላሳ በላይ ሆነን ነበር። የገባሁት ቀትር ላይ ስለሆነ ቆርቆሮው ግሎ፣ ሰዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚተነፍሱት። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ጠባቂው በደረቱ ገፍቶ አስገባኝ።

ከጎኔ የደረሱኝ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። ከመርጡለ ማርያም የመጡ፣ ደቀ መዛሙርታቸው ስብሰባ አልወጡም ተብለው የታሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደታሰርሁ ስነግራቸው አዘኑ፤ ያዘኑት ግን ለእኔ ሳይሆን ለተናገርሁት ነገር ነው። ሥርዓት ካለ ሥርዓቱን የሠራ አለ፣ አንተ ቤቱን አይተህ አናጢውን ክደሃል አሉኝ። ያሰሩኝም ሰዎች የሚሉኝ ይህንኑ ነው ብዬ መለስሁላቸው። ይህ መልስ አላስደሰታቸውም፤ እስኪመሽ አላናገሩኝም። በማግስቱ ግን እናታቸው ቤት የመጣሁ እንግዳ ይመስል ከድርቆሻቸው ቆርሰው ሰጡኝ፤ ክርክራችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቋረጠም።

በሩ ሥር ያለው ቦታ መጀመሪያ የጉልበተኛ ነበር። ከጉንደ ወይን የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ ገበሬ አፍንጫውን ክፍተቱ ላይ ደግኖ ይውላል፤ ደፍሮ የሚያስነሣው የለም። ነገሩ የተለወጠው ነጋዴው ሲመጡ ነው። ሞጣ ገበያ ላይ ጨውና ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጠና ያሉ ሙስሊም ሰው ነበሩ። ዕቃ ደብቀው በኢኮኖሚው ላይ አሻጥር ሠሩ ተብለው ተያዙ፤ የሞጣው እስር ቤት ሞልቷል ተብሎ ወደ እኛ መጡ። አስም ነበረባቸው። የእህሉ ብናኝ ገና የገቡ ዕለት ያዛቸው። ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ዐይናቸው ፈጠጠ። ያኔ ገበሬው ምንም ሳይናገር ከበሩ ሥር እግሩን ሰበሰበ። ከጎኑ ያለውም ጠጋ አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ነጋዴው በተከፈተው ቦታ እየተንፏቀቁ ሄደው ክፍተቱ ሥር ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዲህ ነው ብሎ ማስረዳት ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም ማንም «እንዲህ እናድርግ» ብሎ አልተናገረም። በሩን የለቀቀ ሰው የውኃው ጣሳ ሲመጣ ቀድሞ መጠጣት ጀመረ። ቀድሞ የጠጣ ደግሞ ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ባልዲ ይዞ የወጣ ሲመለስ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥና ነጋዴው ሲታፈኑ ቦታ የሚለቀው እሱ ይሆናል። እንዲህ እየዞረ ሁሉም ሰው በሩ ጋ ይደርስ ነበር፤ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር በስብሶ የሚቀር አልነበረም። የተሳሳትንበትም ጊዜ ነበር። ነጋዴው ፊታቸውን ወደ ክፍተቱ አዙረው ሲቀመጡ የጧቱ ብርድ ይብስባቸው ነበር፤ አንድ ቀን በጎን ተቀምጠው ታዩ፣ ተሻላቸው፣ እንደዚያው ቀረ። ማን እንዳዞራቸው የሚያስታውስ የለም። አዲስ የሚገባ እስረኛ ደንቡን የሚነግረው አልነበረውም፤ ከግራና ከቀኝ የሚገፋው ትከሻ አስተምሮት ሲመሽ ያውቀዋል። እኔ ከመጽሐፍ አንብቤ ሳስተምረው የኖርሁት ነገር የጎን አጥንቴን እየደቆሰ ሲመጣ አየሁት። ያ ክፍል ያስብ ነበር። ከመካከላችን ይህን ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው እንደ ልማዳቸው አልተቀበሉኝም። ነጋዴው እየሰሙን ነበር። ትንፋሽ ባገኙበት ሰዓት «ሁለታችሁም ተከራከሩ፣ እኔን ግን ከበሩ አታንሡኝ» አሉን፤ የኔታም ሳይወዱ ሳቁ።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ካድሬ ሊጎበኘን መጣ። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ አይጮኽም። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። በሩ ሲከፈት ያየውን እኔም በእሱ ዐይን ሆኜ አየሁት። ነጋዴው በሩ አጠገብ፣ ክፍሉ ውስጥ ባለችው አንዲት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የውኃው ጣሳ እሳቸው ዘንድ ነው። ሌላው ሁሉ ፊቱን ወደሳቸው አድርጎ ተደርድሯል። ካድሬው ስማቸውን ጠየቃቸው፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር ከኋላቸው የተቀመጠው ገበሬ መለሰላቸው። ከየት እንደመጡ ጠየቀ፤ አሁንም የመለሰ ሌላ ሰው ነው። ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። ጥሩውን ቦታ የያዘ፣ ውኃውን የሚጠብቅ፣ ራሱ የማይናገር፣ በሰው የሚያናግር ሰው ማን ሊሆን ይችላል? ከሁላችንም የደከሙትን ሰው የሁላችንም አለቃ አደረጋቸው።

ከሰዓት በኋላ እኔን አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ መምህር እያለም ጠራኝ፤ ይህ ከዱላው ይልቅ አስፈራኝ። እስር ቤቱ ውስጥ ኮሚቴ መቋቋሙን እንደሚያውቅ፣ ነጋዴውም ሊቀ መንበሩ እንደሆኑ ነገረኝ። መኪናው ከደብረ ማርቆስ ሲመጣ አብረው እንደሚሄዱም ነገረኝ። ያ መኪና ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእሱ የሄደ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ሲመጣ «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። እኔም የማውቀውን ሁሉ ነገርሁት። ስለ አስሙ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ባልዲው፣ ያለ መሪ ሥርዓት እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚበቅል አስረዳሁ። ሰውዬው ሞኝ አልነበረም፤ ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀኝ። መሪ ከሌለው ስሕተቱን ማን ያርመዋል አለ። ስሕተት የሆነው በራሱ ይወድቃል አልሁት። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣

«እንግዲያው እንፈትነው» አለ። «ሳይንስ ማለት መፈተን አይደለም?»

ከእኔ በኋላ የኔታን ጠሯቸው። ሥርዓቱን ያወጣው ማነው ሲሏቸው እግዚአብሔር ነው ብለዋል። ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር። ደሙን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና አልዋሸሁም አሉኝ። 

በማግስቱ ረፋድ ላይ ካድሬው ጠባቂዎች ይዞ መጣ። ነጋዴውን አንሥተው ከኋለኛው ግድግዳ ሥር፣ ባልዲው አጠገብ አስቀመጧቸው። ከዚያ አንድ የአብዮት ጠባቂ፣ አዛውንት ገበሬ፣ ዱላውን ይዞ በሩ ሥር በርጩማ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ካድሬው ሁላችንም እየሰማን አዘዘው። ነጋዴውን ወደ በሩ ለመመለስ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ብቻ ንገረኝ አለው። በሩም ተዘጋ።

ነገሩ ለማንም አልተሰወረም። መጀመሪያ የተነሣው ሰው መሪ ተብሎ መኪናው ላይ ይወጣል። ማንም ካልተነሣ ደግሞ ነጋዴው መሪ ለመሆናቸው ማስረጃ ነው፤ አዛዡ ሲታፈን ትእዛዝ የሚሰጥ ጠፋ ይባላል። ያም ቢሆን እስከ መኪናው መድረሳቸው ያጠራጥር ነበር፤ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር አየር የሚባል የለምና።

ቆርቆሮው መጋል ጀመረ። ነጋዴው መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር፤ እኛን ላለማስጨነቅ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር ማለት ይሻላል። ኋላ ግን ደረታቸው አልታዘዝ አላቸው። ያ ፉጨት በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሲሰማ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ፈራሁ። ሚስቴ አራስ ነበረች፤ ልጄን ገና አልጠገብሁትም። ሌላ ሰው እንዲነሣ ተመኘሁ፣ ሌላውም እኔ እንድነሣ እንደሚመኝ አወቅሁ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ። ጠባቂው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያል።

ከዚያ ከኋላዬ ያለው ሰው ጉልበት ወገቤን ገፋኝ። ሆን ብሎ ይሁን እግሩ ደንዝዞበት አላውቅም። ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ አልሁ፤ የእኔም ጉልበት የፊተኛውን ሰው ነካ፣ እሱም ጠጋ አለ። ብናኝ ተነሣ። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው አሳለውና ሲያስል ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ባለበት ቦታ ሌላው ትከሻውን አሳረፈ። ማንም አልቆመም፣ ማንም እጁን አልዘረጋም። ነጋዴው ፊት አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ቦታ ተከፈተ፤ ወደዚያ ዘመም አሉ፣ ከጀርባቸው ያለውም ቦታ ወዲያው በሰው ተሞላ። እንደገና ከፊታቸው ተከፈተ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጀርባቸው ደረቴን ነክቶ አለፈ፤ በላብ ርሶ፣ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠባቂው አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ግን ዐይኑን የሚያሳርፍበት ሰው አጣ። በበሩ ሥር የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ እስኪል ድረስ ነጋዴው እበርጩማው ሥር ደርሰው ነበር። እዚያ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ያለው የጠባቂው እግር ነው።

ጠባቂው ወደ ታች አያቸው። ከዚያ በርጩማውን ወደ ኋላ ሳበና ተነሥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ነጋዴው አፍንጫቸውን ክፍተቱ ላይ አደረጉ።

ካድሬው ሲመጣ ማን ጀመረ ብሎ ጠየቀ። ጠባቂው ለረጅም ጊዜ አሰበ። የዋሸ አይመስለኝም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ብቻ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ጌታው» አለ። «እኔም ራሴን ተነሥቼላቸው አገኘሁት።»

ካድሬው በጥፊ መታው፣ ዱላውንም ተቀበለው። ያን ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ተመልሶ እርሻውን ያርስ ይሆን፣ ወይስ እሱንም አስረውት ይሆን እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የኔታ ግን በዚያች ሰዓት እንኳ አልተዉኝም። አየህ፣ ማን አንቀሳቀሰን አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። «አንተ የምታውቀው ጉልበትህን ነው፤ እኔ ጉልበቴን የገፋውን አውቃለሁ» አሉ። እጃቸውን ያዝሁላቸው።

ያን ዕለት ማታውኑ ካድሬው አስጠራኝ። ልክ ነበርህ አለኝ፤ ሳያሾፍ ነው ያለው። ያ ክፍል ራስ የለውም። ራስ ያለውን ነገር ራሱን መምታት ይቻላል፣ ራስ የሌለውን ግን መበተን ነው አለ። በማግስቱ ከፊሉን ወደ ሉማሜ፣ ከፊሉን ወደ ደጀን፣ ከፊላችንን ወደ ሞጣ ጫነን። የኔታ ወዴት እንደተወሰዱ አላየሁም፤ ስንለያይ የተሰነጠቀ ከንፈራቸውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ለነጋዴውና ለእኔ ሞጣ ደረሰን። ለሕመምተኛ ሰው ወደ አገሩ መመለስ ደግ ነገር ነው ብዬ ልቤን አጽናናሁ።

ሞጣ ያስገቡን ቤት ገበያው አጠገብ ነው፤ ከቢቸናው ይጠባል። ተቀምጦ ጉልበትን ማቀፍ እንጂ ጋደም ማለት የሚባል የለም። ሰዎቹ አያውቁንም። በሩ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ስንገባ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩንና ፊታቸውን መለሱ። የገበያ ቀን ነበር፤ የሰው ጫጫታ፣ የአህያ ጩኸት፣ እየተጠራሩ የሚገበያዩ ሰዎች ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። ነጋዴው ጆሯቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከሚጮኹት አንዱን በድምፁ ለዩትና ጎረቤታቸው መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ ደረታቸው ጀመራቸው።

ሰው ታሟል፣ በሩን ልቀቁላቸው አልሁ። ቢቸና የነበረውን ሥርዓት ሁሉ፣ ማን ለማን እንደሚለቅ፣ ጣሳው እንዴት እንደሚዞር፣ ባልዲው የማን እንደሚሆን አስረዳኋቸው። ትምህርት ቤት እንኳ እንዲያ አሳምሬ አስተምሬ አላውቅም። ሰሙኝ። በሩ ሥር ከተቀመጡት አንዱ፣ በጣም የደከመው ሰው፣ በእርጋታ መለሰልኝ።

«አንተን ደግሞ እዚህ ማን ሾመህ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ከኋላ ሆኖ ብዙ ቀን ጠብቆ ያገኘው ቦታ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ያንን ጥበብ ተሸክሜ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔ ዘንድ ኖሮ አያውቅም። የነበረው እዚያ በነበርነው ሰዎች መካከል ነው፤ እኛን ሲበትኑ እሱ ጠፋ። ካድሬው ይህን ከእኔ ቀድሞ ገብቶት ነበር። ነጋዴውን አቅፌ ወደ በሩ ልገፋቸው ሞከርሁ። የሚሰጥ ቦታ አልነበረም፤ ተሰዳደብን፣ አንዱ በክርኑ ደረቴን መታኝ። ጠባቂውን ተጣራሁ፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው የሚል መልስ መጣ። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። በመጨረሻ እጄን ጨበጡኝና አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

«ልጄ ስንቅ ታመጣለች» አሉ። «ለእነዚህም አካፍላቸው።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ገበያው ሳይበተን ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

 ያ «ማን ሾመህ» ያለኝ ሰው እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጠባቂው በበሩ ንቃቃት አየና ሬሳው የሚወጣው ነገ ነው ብሎ ሄደ። ነጋዴው እንደተቀመጡ፣ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ሊደርቁ ነው። ያኔ ነው ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው ተነሥቶ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው። ቀጥሎ ያለውም ቆመ። ሌሎቹ ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ። በክፍሉ መካከል ረጅምና ጠባብ ቦታ ተከፈተ። እኔም እግሬ ተነሥቶ ኖሮ ራሴን ቆሜ አገኘሁት። ነጋዴውን በቀስታ ዘረጋናቸው። አንዱ የድርሻውን መጠጥ ውኃ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ፊታቸውንና እጃቸውን ጠረገ። ከመካከላችን የነበረ አንድ ሙስሊም ወጣት ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙሮ ዐይናቸውን ከደነ፣ የሸሃዳውን ቃል በቀስታ አለላቸው። የክርስቲያኖቹም ራስ ጎንበስ ብሎ ነበር። በዚያ ቤት ተዘርግቶ ያደረ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኛ እየተፈራረቅን ቆምንላቸው። ጧት ሊወስዷቸው ሲመጡ ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ትንሽ ቆመው አዩንና ተሸክመዋቸው ወጡ።

ከእስር የወጣሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ለሥራ ሞጣ በሄድሁበት ጊዜ የነጋዴው ልጅ ፈልጋ አገኘችኝ። አባቷ በነበሩበት ገበያ ሱቅ ከፍታለች። ያን ዕለት ስንቅ ይዛ መጥታ እንደነበር፣ በማግስቱም ይዛ ስትመጣ ከእንግዲህ አታምጪ እንደተባለች ነገረችኝ። ሱቋ ውስጥ አስቀመጠችኝና ከፊት ለፊቴ ቆመች። የምትጠይቀውን ለብዙ ዓመት አዘጋጅታ የኖረች ትመስል ነበር።

«ጋሼ፣ አባቴ ተጣጥፎ ነው የሞተው?»

ታፍነው እንደሞቱ አልደበቅኋትም። ስታለቅስ ጠበቅኋት። ከዚያ ግን ተዘርግተው እንዳደሩ፣ ፊታቸውም ወደ ቂብላ ዞሮ እንደነበር፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው ቆሞ እንዳደረላቸው ነገርኋት። ዐይኗን በሻሿ ጠረገች። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ፣ ሰደቃ ስታወጣ በዱዓ የምታስበው የማንን ስም እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስም ፈለግሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መሪ እንዲኖር የተመኘሁበት ጊዜ የለም፤ አንድ ስም ብቻ፣ ይዛው የምትሄደው። ግን ልዋሻት አልቻልሁም። መጀመሪያ የተነሣውን አላየሁም፣ አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም፣ ከመነሣታቸው በፊትም አየር የከለከሏቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው አልኋት። ይህን የመጨረሻውን መናገር አልነበረብኝም ይሆናል። 

«እንግዲያው ለሁሉም አደርጋለሁ» አለች።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰዎች ስለ አእምሮ ሲጽፉ አነባለሁ፤ እንዴት ከማያስቡ ነገሮች ማሰብ እንደሚወጣ ሲያብራሩ ብዙውን እቀበለዋለሁ። ያ ቤት ግን ትከሻ ለትከሻ ያስቀመጠን ሰዎች አየርም መከልከል፣ ቆሞም ማደር እንደምንችል አሳይቶኛል፤ ሁለቱም የወጡት ከእኛው መካከል ነው። ቆሞ ማደሩ ለምን ዘግይቶ እንደመጣ የሚነግረኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። የነጋዴው ልጅ በየዓመቱ ሰደቃዋን ታወጣለች። ከነዚያ ቆመው ካደሩት ሰዎች ስንቱ በሕይወት እንደወጣ አላውቅም።